ለትንሽ ከተማ አስተዳደር የኮምፒውተርም የካሜራም ሰው መሆን፦ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

ሁለት ልብ ጠየቀ፦

ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ዓመት በግል ድርጅት ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ሰሞኑን የአንዲት ትንሽ ከተማ አስተዳደር «የቴክኖሎጂና የሚዲያ ባለሙያ» የሚል ክፍት የሥራ መደብ አውጥቶ አመለከትኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌአለሁ፤ የቀረኝ ቃለ መጠይቁ ብቻ ነው። የሥራ ዝርዝሩን ባነበብኩት ቁጥር ግን ልቤ ለሁለት ይከፈላል።

በአንዲት ገጽ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ኮምፒውተሮችንና ኔትወርኩን መጠበቅ፣ ድረ ገጹን ማደስ፣ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾችን መምራት፣ የምክር ቤቱን ስብሰባ መቅረጽና በቀጥታ ማስተላለፍ፣ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ መግለጫ ማዘጋጀት። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን» ይላል። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ለቅቆ ስለሄደ ሥራውን የሚያስረክበኝ የለም።

ሰርቨርና ራውተር አያስፈራኝም። ካሜራ ግን ከስልኬ ሌላ ይዤ አላውቅም። መጀመሪያ ምን ልማር? ይህ ሁሉ በእርግጥ የአንድ ሰው ሥራ ነው? ደግሞም አንድ ጓደኛዬ «የባለሥልጣን አፍ ልትሆን ነው» ብሎ አሾፈብኝ፤ ከሁሉም ይልቅ የከነከነኝ ይህ ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ባለ ገመዷ መለሰች፦

ወንድሜ፣ በዚህ ሥራ ላይ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ወንበር ተሰጥቶኛል፤ የተቀመጥኩበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ «ይህ ገመድ ወዴት ነው የሚሄደው?» እያልኩ ነው። ስለዚህ ምክሬን የጉልበት ምክር ብለህ ውሰደው።

የአንድ ሰው ሥራ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም፤ የሚሠራው ግን አንድ ሰው ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ስናማርር ብንውል ሁለተኛ ሰው አይቀጠርልንም። «ሌሎች ተግባራት» የምትለዋን መስመር ግን አትናቃት። በእኔ በኩል በእሷ ሥር የገቡት እነዚህ ናቸው፦ የአዳራሹን የግድግዳ ሰዓት ባትሪ መቀየር፣ የኃላፊዎችን ልጆች የቤት ሥራ ማተም፣ ፕሪንተር ውስጥ የገባ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ በወረንጦ ማውጣት፤ አንድ ክረምት ደግሞ በአንቴናው ላይ ጎጆ የሠራች ወፍ ጫጩቶቿ እስኪበሩ ድረስ የዋይፋዩን መቆራረጥ ለመሥሪያ ቤቱ ማስረዳት።

ምን ልማር ላልከው፣ ድምፅ ተማር። ካሜራውን በአንድ ቅዳሜ ትለምደዋለህ፤ ማቆሚያው ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ብርሃኑን ታስተካክላለህ፣ አለቀ። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ የማይሰማ ንግግር ግን ሁለት ደቂቃም አይታገሥም። የመጀመሪያውን ስብሰባ ያስተላለፍኩት ካሜራውን ከአዳራሹ ጀርባ አቁሜ በራሱ ማይክሮፎን ነበር። ምክር ቤቱ ስለ ውኃ ታሪፍ ሁለት ሰዓት ተከራከረ። ቤቱ ተቀምጦ የተከታተለው ነዋሪ ግን የሰማው የጣራውን አየር ማራገቢያና በኋለኛው ረድፍ የተቀመጡ የአንድ አዛውንት ሳል ነው። በማግስቱ አንዲት እናት ስልክ ደውለው «ሰውዬው ተሻላቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ታሪፉ አንድም ቃል አላነሡም።

ምክንያቱ አንተ የምትወደው ዓይነት ሒሳብ ነው። ማይክሮፎኑ ከአፍ ያለው ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር የተናጋሪው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይወርዳል። ከግማሽ ሜትር ወደ ስምንት ሜትር ስትሄድ ርቀቱ አራት ጊዜ እጥፍ ሆኗል፤ 24 ዴሲቤል አጣህ ማለት ነው። የማራገቢያው ጩኸት ግን ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ውድ ካሜራ ከመግዛታቸው በፊት ለሁለት ተመራጮች አንድ ማይክሮፎን እንዲገዙ ለምናቸው፤ ማይክሮፎኖቹን ወደ ድምፅ ማደባለቂያ አስገባ፤ ከማደባለቂያውም አንዱን መስመር ወደ ካሜራው፣ ሌላውን ለብቻው ወደሚቀዳ ትንሽ መቅረጫ ላክ። ያ ትንሽ መቅረጫ አንድ ቀን ያድንሃል።

ገመዱን ስታገናኝ «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ አትደንግጥ። ካሜራውና ኮምፒውተሩ በተለያየ መስመር ከኤሌክትሪክ ጋር ሲገናኙ በመሬት ሽቦው በኩል የሚፈጠር ዙር ነው። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀልና አድምጥ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሦስት ወር ሙሉ ማደባለቂያው ተበላሽቷል እያልኩ የግዥ ክፍሉን አስጨንቄአለሁ። እነሱም ጨረታ ሊያወጡ ነበር። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ልታሳልፍ ብላ ቻርጀሩን ነቀለች፤ አዳራሹ ጸጥ አለ።

ማይክሮፎኑን መክፈት የሚረሳ ተመራጭ ይኖርሃል። ሁልጊዜ ይኖራል። በየጊዜው ተነሥቼ «ክቡር አባል፣ ማይክሮፎንዎን» ማለት ስለሰለቸኝ ቢጫ ካርቶን ቆርጬ ከካሜራው ጎን ማንሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቁ፤ አሁን እርስ በርሳቸው «ቢጫ አየህ!» ይባባላሉ።

ስለ ቀጥታ ስርጭት የምነግርህ ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ በዩቲዩብ አዲስ ገጽ ላይ የቀጥታ ስርጭትን መጀመሪያ ስታስከፍት እስከ 24 ሰዓት ሊያስጠብቅህ ይችላል፤ የስብሰባው ዕለት ጠዋት አትሞክረው። ሁለተኛ፣ በዕረፍት ሰዓት ሙዚቃ አታሰማ። እኔ አሰማሁ። ሰው እንዳይሰለች ብዬ ነበር። የባለመብቶችን ሙዚቃ በራሱ የሚለየው ሥርዓት ዘፈኑን አወቀውና ስርጭቱን ቆረጠው። ተመራጮቹ ተመልሰው ስለ በጀት አርባ ደቂቃ ሲነጋገሩ ውጭ ያለው ሰው የሚያየው ጥቁር ስክሪን ነበር። «በጀቱ ሲመጣ ሆን ብለው አጠፉት» ተባለ። ማን ያምንሃል? በማግስቱ ከካሜራው ካርድ ላይ ያለውን ሙሉ ቅጂ ጫንኩ፤ ድምፁም ከትንሹ መቅረጫ ተገኘ። ሐሜቱ ግን ከቪዲዮው ይልቅ ሩቅ ሄዷል። አሁን በዕረፍት ጊዜ «ስብሰባው ይቀጥላል» የሚል ድምፅ የሌለው ጽሑፍ ብቻ ነው የማሳየው።

ይህ ወደ ዋናው ነገር ያመጣኛል፤ ጓደኛህ ወዳሾፈው። የባለሥልጣን አፍ ትሆናለህ? የሚፈልጉህስ ለዚያ ሊሆን ይችላል። አንተን የሚፈትንህ ግን ስትናገር አይደለም፤ ማጥፊያውን ስትነካ ነው።

በአራተኛው ዓመቴ ነው። በአንድ የግንባታ ጨረታ ላይ ሲወያዩ አንድ ተመራጭ ተቆጥተው ስለ አንድ ተጫራች ያላጣሩትን ነገር ተናገሩ። በማግስቱ ቢሮዬ ገና ሳልገባ ስልኬ ሦስት ጊዜ ጠራ። ሦስት የተለያዩ ሰዎች፣ አንድ ቃል፦ «ያቺን አራት ደቂቃ ቁረጪልን።» የመጨረሻው ደዋይ ልመናውን ወደ ምክር ለወጠው፤ «ለራስሽም ይሻልሻል» አለኝ። እጄ ተንቀጥቅጧል፤ ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽህም። የመለስኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እሺ፣ ትእዛዙ በደብዳቤ ይድረሰኝ፤ ደብዳቤውንም ከቪዲዮው ጋር አያይዤ አስቀምጠዋለሁ።» ደብዳቤው እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። ያ ተመራጭ በሚቀጥለው ስብሰባ ማይክሮፎናቸውን ከፍተው፣ ቢጫ ሳላነሳባቸው፣ የተናገሩትን አረሙ። ሁለቱም ቪዲዮዎች ዛሬም ጎን ለጎን አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድ ገጽ መመሪያ ጻፍኩና ምክር ቤቱ እንዲያጸድቀው ስምንት ወር ለመንኩ። ቀረጻው ሰብሳቢው ስብሰባውን ሲከፍቱ ይጀምራል፣ ሲዘጉ ያበቃል። በዝግ የሚታይ ጉዳይ ካለ ለመዝጋት የተሰጠው ድምፅ ራሱ ይቀረጻል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ካሜራው ይጠፋል። የተቀረጸ አይቆረጥም፤ ስሕተት የተናገረ በሚቀጥለው ስብሰባ ያርማል። «ቦታ ሞላብን» ተብሎም አይሰረዝም። ይህች የመጨረሻዋ መስመር ለምን እንደገባች ታውቅ ዘንድ ሒሳቡን እነሆ፦ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚቀረጽ ቪዲዮ በሰዓት 1.8 ጊጋ ባይት ነው። በወር ሁለት ጊዜ ሦስት ሦስት ሰዓት ብትቀርጽ በዓመት 130 ጊጋ ባይት አይሞላም። አንድ ቴራ ባይት ዲስክ ከሰባት ዓመት በላይ ስብሰባ ይይዛል። ቦታ አይሞላም፤ የሚሞላው ሌላ ነገር ነው።

ንጹሕ ነኝ ብዬ እንዳላታልልህ ግን አንድ ልጨምር። መመሪያው ከመጽደቁ በፊት፣ በአንድ ዕረፍት ላይ ማይክሮፎን ሳይዘጋ ቀርቶ አንዲት ተመራጭ ስለ ቤተሰቧ ሕመም ለጓደኛዋ ስትነግር ተላለፈ። ያን ቆረጥኩት። አንድ ነዋሪ መጥቶ «የእሷን ቆርጠሽ የእሱን አልቆርጥም ያልሽው በምን ሚዛን ነው?» አለኝ። ስብሰባው ስላልነበረ ነው አልኩት። አልተዋጠለትም። እውነቱን ለመናገር ሌሊቱን ሳስበው እኔም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም፤ ሚዛኑ ያን ጊዜ በእኔ ኪስ ውስጥ ነበርና። መመሪያውን ያስጀመረኝ ከሦስቱ ደዋዮች ይልቅ የዚያ ሰው ጥያቄ ይመስለኛል።

ለቃለ መጠይቁ አንድ ጥያቄ ያዝ፦ «ቀረጻ እንዲቆም ወይም እንዲሰረዝ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ማን ነው? የት ተጽፏል?» መልሱ ብዙ ይነግርሃል።

የምክር ቤት ዘጋቢ መለሰ፦

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። የትንንሽ ከተሞችን ምክር ቤቶች እየዞርኩ የምዘግብ ጋዜጠኛ ነኝ፤ እንደ ባለ ገመዷ ያሉ ሰዎች ባይኖሩ ግማሽ ሥራዬ አይኖርም። በአንድ ምሽት ሦስት ቦታ ስብሰባ አለ፤ እኔ አንድ ነኝ። ሁለቱን በቪዲዮ ነው የማየው።

የምለምንህ ጥቂት ነገር ነው። የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ስትጭን ከሥሩ ሰዓቱን ጻፍበት፦ «0:12 የመንገድ ጥገና፣ 1:05 የውኃ ታሪፍ፣ 2:20 የነዋሪዎች ጥያቄ»። አሥር ደቂቃ ይፈጅብሃል፤ ለሌላው ሰው ግን ሦስት ሰዓት ይመልስለታል። አጀንዳውን ከስብሰባው በፊት አውጣ። ከስብሰባው በኋላ የሚወጣ አጀንዳ የቀብር ማስታወቂያ ነው፤ ለመሄድ አይጠቅምም።

መግለጫ ስትጽፍ ደግሞ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የከንቲባው ማዕረግ እንዳይሆን። «ክቡር ከንቲባው በተገኙበት በደመቀ ሁኔታ ተካሄደ» የሚል ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አንብቤ ምን እንደተካሄደ ያላገኘሁበት ጊዜ አለ። ነዋሪው ማወቅ የሚፈልገው የትኛው መንገድ በየትኛው ቀን እንደሚዘጋና ውኃው መቼ እንደሚመለስ ነው። እሱን ከላይ አድርገው፤ ከንቲባውን አራተኛው አንቀጽ ላይ እናገኛቸዋለን።

የፌስቡክ አስተያየት ስለ መሰረዝ ማንም አላነሣምና ልጨምር። የሚሰድቡህን ሁሉ ማገድ ያምርሃል። በአሜሪካ፣ በሚቺጋን ግዛት ፖርት ሂውረን የተባለች ከተማ ሥራ አስኪያጅ በግል ገጻቸው ላይ የቤተሰብ ፎቶና የከተማ ጉዳይ አቀላቅለው ይለጥፉ ነበር። የኮሮና ወረርሽኙን አያያዝ የነቀፈ አንድ ነዋሪ ሲያስቸግራቸው አስተያየቱን ሰረዙ፤ ኋላም አገዱት። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ያስቀመጡት መመዘኛ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ባለሥልጣኑ በመንግሥት ስም የመናገር ሥልጣን በእርግጥ ነበረው? በዚያ ጽሑፍ ላይስ በዚያ ሥልጣን እየተናገረ ነበር? የአሜሪካ ሕግ ሌላ አገር አይገዛም፤ ጥያቄዎቹ ግን የትም ይሠራሉ። አንተ የምትመራው ገጽ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ከወዲሁ ታውቋል። ስድብ የሚሰረዝበትን ደንብ ገጹ ላይ ለጥፍ፤ ከዚያ ውጭ ያለውን መራራ አስተያየት ተወው።

ትንሽ ከተማ ናት፣ ማን ያየዋል አትበል ደግሞ። በእንግሊዝ ሃንድፎርዝ የሚባል አነስተኛ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በኢንተርኔት ያደረገው የተጨቃጨቀ ስብሰባ ለሁለት ወር ያህል ብዙ ሰው ሳያውቀው ቆየ። በየካቲት 2021 ተቆርጦ የወጣው ክፍል በሚሊዮኖች ታየ። ተቆርጦ የሚወጣውን ማስቆም አትችልም። ሙሉው ቅጂ በቀላሉ የሚገኝበት ቦታ ካለ ግን እኔን የመሰለው ሰው ገብቶ ያመሳክራል።

ለቅቄ የወጣሁ መለሰ፦

ሁሉም ስለ ማይክሮፎን አወራ። እኔ ስለሚያስባርርህ ነገር ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በፍሎሪዳ የምትገኝ ሌክ ሲቲ የተባለች ወደ 12 ሺህ ነዋሪ ያላት ከተማ ኮምፒውተሮቿን ወንበዴዎች በኢንተርኔት ገብተው ቆለፉባት። ለመክፈቻው 42 ቢትኮይን ተከፈለ፤ አብዛኛውን የሸፈነው መድን ሰጪው ነው። ከዚያስ? የቴክኖሎጂ ኃላፊው ተባረረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የጆሃንስበርግ ከተማ የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ተመሳሳይ ጥቃት ደርሶበት ቅድመ ክፍያ የሚጠቀሙ ደንበኞች መብራት መግዛት አቅቷቸው ነበር። ትልቅ ከተማ ትንሽ ከተማ አይልም።

እኔ የሠራሁበት ቦታ የመጠባበቂያ ቅጂ ዲስክ እንዲገዛ ሁለት ዓመት በጽሑፍ ጠየቅኩ፤ ለአዳራሹ መጋረጃ ተገዛ። ሰርቨሩ ሲበላሽ ግን የተጠራሁት እኔ ነኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ በጀት የከለከለውን የሚናገር አልነበረም። ያዳነኝ የጠየቅኩባቸው ደብዳቤዎች ኮፒ ነው፤ ቢሆንም ለቀቅኩ።

ከገባህ፣ ከምንም በፊት ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ቢያንስ አንዱ ከኔትወርኩ የተነቀለ ይሁን፤ የተሰካ ዲስክ ከሌላው ጋር አብሮ ነው የሚቆለፈው። ደግሞም በወር አንድ ጊዜ ከቅጂው ላይ አንድ ፋይል መልሰህ ክፈት። ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ቁጠረው። ስለ ቀሪው ባለ ገመዷን አድምጣት፤ እኔ መራራ ሰው ነኝ።

ሁለት ልብ ጻፈ፦

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ደግሞ አዲስ ነገር ሰማሁ። የፌስቡክ ገጹን የከፈተው የለቀቀው ሰው በግል ስልኩና በግል ኢሜይሉ ነው፤ የድረ ገጹም ስም የተመዘገበው በእሱ ስም እንደሆነ ነገሩኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን ስልክ አያነሣም። ባለ ገመዷ፣ እርስዎ ቢሆኑ ከየት ይጀምሩ ነበር? የድሮ ቃለ ጉባኤዎችን ወደ ድረ ገጹ የማስገባት ሥራም ይጠብቀኛል መሰለኝ።

ባለ ገመዷ መለሰች፦

ይህ በሽታ የሁሉም ነው፤ ከሰውየው አትጣላ። ለሥራው ሲል የራሱን ስልክ የሰጠ ሰው ነው፤ የሚሰጠው ሌላ ስልክ ስላልነበረ።

መጀመሪያ የድረ ገጹን ስም ያዝ። የምዝገባው ዘመን መቼ እንደሚያበቃ ዛሬውኑ እይ። ዘመኑ ካለፈና ሌላ ሰው ከገዛው በከተማዋ ስም የፈለገውን ይጽፋል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይልም በዚያው ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሰውየውን በስልክ ካጣኸው በጠዋት ቤቱ ሂድና በትሕትና አነጋግረው፤ ከመሥሪያ ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ ይዘህ ብትሄድ በሩ ቶሎ ይከፈታል። እኔ ሞክሬዋለሁ። ምስጋናውን ጽፌ ያስፈረምኩት ራሴ ነኝ።

የፌስቡክ ገጹ ላይ ቢያንስ ሁለት ኃላፊዎች እንደ አስተዳዳሪ ይግቡ፤ አንዱ አንተ አትሁን ማለቴ አይደለም፣ ብቻህን አትሁን ማለቴ ነው። የይለፍ ቃሎቹ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጡ፤ ማን እንደከፈተውም በፊርማ ይመዝገብ። ጥንታዊ ይመስልሃል? እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2018 በሃዋይ «ሚሳይል እየመጣ ነው» የሚል የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ በነዋሪው ስልክ ሁሉ ላይ ወጣ። ማስተካከያው በዚያው መንገድ እስኪደርስ 38 ደቂቃ ፈጀ። አገረ ገዢው በኋላ ሲጠየቁ የትዊተር መግቢያ ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን እንደማያውቁት ተናገሩ። ይህን ያህል ሕዝብ በፍርሃት ተደብቆ ሳለ! እኔ ፖስታውን ያስገባሁት ያን ዜና በሰማሁ ሳምንት ነው።

ስለ ቃለ ጉባኤዎቹ። ማኅተሙ እንዲታይ ብለው ደብዳቤውን በስልክ ፎቶ አንሥተው የሚለጥፉ ኃላፊዎች ይኖሩሃል። ፎቶው ይለጠፍ፤ ግን ጽሑፉንም ከሥሩ ጻፈው። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው የሚጠቀምበት የንባብ ፕሮግራም ፎቶ ላይ ያለ ፊደል ላያነብ ይችላል፤ በፍለጋም አይገኝም። ጽሑፍና ከኋላው ያለው መደብ በድምቀት የሚለያዩበት ልክ ደግሞ ለተለመደው የፊደል መጠን ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት ይላል የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያው፤ በቢጫ ላይ ነጭ የሚጽፍልህን ዲዛይነር በዚህ ቁጥር ትመልሰዋለህ።

ከሁሉም የሚያለፋህ የድሮዎቹ የኮምፒውተር ፋይሎች ናቸው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ አንድ ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊትና ሰው እስኪለምደው ድረስ ከዚያም በኋላ፣ ፊደላችን ለላቲን ፊደላት በተሰጡ ቁጥሮች ላይ በተለበጠ ፎንት ይጻፍ ነበር። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍተው የተከበረው ቃለ ጉባኤ የዶሮ ጭረት ይመስላል። እንዳትሰርዘው! ተበላሽቷል ብለው ያጠፉ ሰዎችን አውቃለሁ። ፋይሉ የተጻፈበትን ፎንት ስም ፈልግ፤ መለወጫ ፕሮግራም ታገኛለህ። ባታገኝም የታተመውን ወረቀት ስካን አድርገህ ፒዲኤፉን ከፋይሉ ጋር አብረህ አስቀምጥ። እኔ በዚህ መንገድ ያገኘሁት አንድ የድሮ ቃለ ጉባኤ የሁለት ጎረቤታሞችን የድንበር ክርክር ጨርሷል፤ ሁለቱም በተለያየ ቀን መጥተው አመስግነውኛል። የተሸነፈው ያመሰገነበት ምክንያት እስካሁን አልገባኝም።

ሁለት ልብ ጻፈ፦

ቃለ መጠይቁ ትናንት ነበር። ሦስት ሰዎች ጠየቁኝ፤ መጨረሻ ላይ «አንተስ ጥያቄ አለህ?» ሲሉኝ የባለ ገመዷን ጥያቄ ቃል በቃል አቀረብኩት። ቀረጻ እንዲቆም ወይም እንዲሰረዝ የሚያዘው ማን ነው? የትስ ተጽፏል? ሦስቱም ተያዩ። መሐል የተቀመጡት «እስካሁን የጠየቀን የለም» አሉ። ዳር የተቀመጡት ሴትዮ ግን፣ የምክር ቤቱ ጸሐፊ ናቸው መሰለኝ፣ ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉና «ረቂቁን አንተ ታመጣለህ?» አሉኝ። አመጣለሁ አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ተደወለልኝ፤ ሰኞ እጀምራለሁ። ከስልኩ በኋላ ሄጄ አዳራሹን አየሁት። ማደባለቂያው ስምንት መግቢያ አለው፤ የሚሠሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው ተባልኩ። ስከፍተውም «እምምም» ይላል።

ባለ ገመዷ መለሰች፦

እንኳን ደስ ያለህ። የመመሪያዬን ረቂቅ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፤ የከተማዋን ስም ብቻ ቀይርና ስምንት ወር ለመለመን ተዘጋጅ። አምስቱን መግቢያዎች ተበላሽተዋል ብለህ ከመመዝገብህ በፊት ደግሞ ገመዶቹን እያቀያየርክ ሞክራቸው። ቻርጀሩን ነቅለኸው ነበር?

ሁለት ልብ ጻፈ፦

አልነቀልኩትም። ሰኞ።